ያልታጠበው ዓይን

ላ ጋርሳ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1996

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ኦዲሊያ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔም፣ ኤሊሴዮም፣ ቺምቦቴ ያሉት ሁለቱ ልጆችም ደህና ነን። ባለፈው የላክሁልሽ ወረቀት አንድ ገጽ እንኳ ስላልሞላ ይቅር በይኝ። ተቻኩዬ ነበር።

«ማን ነው ስሜን ከመቃብር የሚቆፍረው?» ላልሽኝ፣ አስተማሪዋ ናት። ኔሊዳ ትባላለች፤ ከትሩሂዮ የመጣች፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ልጅ ናት። ምላሷን ግን አውሎ ነፋስም አይወስደው። የትምህርት ቤቱን ቁም ሣጥን ስታጸዳ መሳቢያው ውስጥ የተነጠፈ የ1976 ጋዜጣ አገኘች። ጋዜጣው ላይ አንቺ ነሽ፣ ከራስሽ በላይ ቤት የሚያህል ማዕበል ተቆልሎ። «የፔሩ የሴቶች የማዕበል ግልቢያ ሻምፒዮን፣ ኦዲሊያ ኡካኛን፣ ከላ ጋርሳ» ይላል። ክፍል ገብታ «ይህቺን ሴት ማን ያውቃታል?» ብትል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «የኤሊሴዮን ዓይን ያጠፋችው ናት!» አሏት። ከዚያ ሌላ አያውቁልሽም። እኔም እናትና አክስት ሆኜ በምኖርባት መንደር አንድም ቀን ሌላ አልነገርኳቸውም፤ አፈርኩ።

ኔሊዳ ዝም አላለችም። ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሄዳ፣ ማዕበል በሚጋለብባት ታንኳ፣ በደንገል ፈረስ፣ ውድድር ያሸነፉት ወንዶች ስም በተጻፈበት ግድግዳ ላይ ያንቺም እንዲሰቀል ጠየቀች። ድምፅ ተሰጠ። አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ሰባት አለፍሽ። የሚሰቀለው በቅዱስ ጴጥሮስ ቀን፣ ጁን 29 ነው። ትመጫለሽ ወይ? አሁንም ማዕበል ላይ ትወጫለሽ ወይ? ኔሊዳ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ እኔም የምመልሰው የለኝም።

ጽሑፌ የዶሮ ጭረት መሰለ ያልሽው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ቀኙን የጀልባ ሰንሰለት ያዘብኝ፤ ምንም አይደለም።

እህትሽ ሩፊና


ኢሎ፣ ሜይ 2 ቀን 1996

ሩፊዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ሰባት! ያን ባነብ ሳቅኩ፤ ቀጥዬ ደግሞ ወንበሩን በእርግጫ ብዬ ግድግዳው ላይ ሰበርኩት። ሃያ ዓመት ጠብቀው በሁለት ድምፅ። አሥራ ሰባቱን ስማቸውን ጻፊልኝ፣ ለማወቅ ያህል ነው።

ማዕበል ላይ እወጣለሁ፣ እሁድ እሁድ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል፤ የወደብ ጭነት ስሸከም ስለምውል ትከሻዬ ግን ገና የበሬ ነው። ለአስተማሪሽ ንገሪያት፣ ባሕር ማንንም አያከብርም። በውድድሩ ቀን ሦስተኛው ማዕበል ተደርምሶብኝ ከድንጋይ ጋር አላተመኝ። ጆሮዬ ደማ፣ አንድ ጥርሴን ዋጥሁ። ተነሥቼ ዋኘሁና አራተኛው ላይ ወጣሁ። ያሸነፍኩት በእሱ ነው። ዳኞቹ ደሜን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ እንጂ ነጥቡን አልነፈጉኝም።

በማግስቱ ከሰዓት ዋንጫዬን ይዤ ስመጣ የሆነውን ካንቺ፣ ከእኔና ከባልሽ ከኤሊሴዮ በቀር ያየ የለም። ሠርግሽ አንድ ወር አልሞላውም ነበር። ደንገሉ ከሚሰጣበት ጀርባ በጸጉርሽ ይዞ ፊትሽን አሸዋ ውስጥ ደፍቆሻል። እግርሽ እየተንፈራገጠ ነበር። የቀርከሃ መቅዘፊያ አጠገቤ ነበረ፣ አነሣሁት፣ መታሁት። የተሰነጠቀ ቀርከሃ የሚሠራውን ሠራ። ሰው ሲሰበሰብ ያየው አንዲት ዋንጫ የያዘች ሴትና አንድ ደም የለበሰ ወንድ ነው። «ዋንጫው አስክሯት ነው፣ ቢቀልድባት ዓይኑን አወጣችው» አሉ። ዝም በይ ብዬ የጠቀስኩሽ እኔ ነኝ፤ ከሆስፒታል ሲወጣ ይገድልሻል ብዬ ነው። ስለዚህ ዝም በማለትሽ ማፈር የለብሽም።

ከዚያ ወዲህ እጁን እንዳላነሣብሽ ሃያ ዓመት ጽፈሽልኛል። እኔ በእሱ ነው የምኖረው፣ ሩፊዬ። ሰዉ ሲጠላኝ፣ አገሬ ስትረሳኝ፣ አንድ ዓይን ለእህቴ ሰላም ርካሽ ነው እላለሁ። አልጸጸትም፤ ዓይኑንም አልመልስም።

አሁን ስለ ሰንሰለቱ። ወደብ ላይ ነው የምሠራው፤ ሰንሰለት እጅ ሲይዝ በየሳምንቱ አያለሁ። ቆዳ ይልጣል፣ ሥጋ ይወስዳል። ያንቺ ምንድን ነው የሆነው? ተልጧል ወይስ ተሰብሯል? ስንት ጣት? በቀጥታ መልሽልኝ።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን አንዲትን ልጅ መቀመጫዋን ነካ፤ የዓሣ ሣጥን አፍንጫው ላይ አሳረፍኩለት። ሦስት ቀን አገዱኝ። ሌላ ወሬ የለኝም።

ኦዲሊያ


ላ ጋርሳ፣ ሜይ 20 ቀን 1996

እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ሳምንት ደረቴ ሥር ይዤው ዞርኩ። ጣቶቼን ተያቸው፣ እየዳኑ ነው።

አሥራ ሰባቱን አልጽፍልሽም፤ ነገር ግን ማን እንደሆኑ ራሳቸው አሳይተዋል። ባለፈው እሁድ ማኅበሩ ውስጥ ድብድብ ነበር። የኤሊሴዮ ወንድም ተነሥቶ «የሴት ስም ከአባቶቻችን ጋር ከተሰቀለ ባሕሩ ይደርቃል!» አለ። ዶኛ ታርሲላ፣ የሊቀ መንበሩ የዶን አቡንዲዮ ሚስት፣ ከእኛ ጋር ዓሣ መበለቻ ዳስ ውስጥ የምትሠራው፣ በመስኮት ብቅ ብላ፦

«አንተ የተወለድክ ቀን ያልደረቀ ባሕር ዛሬ አይደርቅም!» አለችው።

«ሴትዮ፣ መስኮት ላይ ምን ታደርጊያለሽ? ሂጂ ዓሣሽን በልቺ!»

«እየበለትኩ ነው፣ ትልቁ ዓሣ ሲያወራ ልስማ ብዬ ነው!»

ሰው ሳቀ። እሱም የቺቻ ጠላ ጠርሙስ ወረወረባት፤ ጠርሙሱ እሷን ስቶ የባሏን ግንባር አገኘ። ሰባት ስፌት። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም። ሁለት ወንበርና አንድ የጎድን አጥንት ተሰበረ። በማግስቱ የኔሊዳ መስኮቶች ሁሉ በድንጋይ ረገፉ። ድንጋዩን ሰብስባ ለትምህርት ቤቱ አትክልት ድንበር ሠራችበት።

ደሙ ሲቆም ነው ዶን አቡንዲዮ እጥበቱን ያስታወሱት። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። የቅዱሱ ሐውልት በትልቁ የደንገል ታንኳ ከመውጣቱ በፊት፣ አሸዋችን ላይ የሰው ደም ያፈሰሰ በቅል የባሕር ውሃ ቀድቶ ያቆሰለውን ቦታ ያጥባል። ለምን እንዳቆሰለም ሁሉም እየሰማ ይናገራል። ያልታጠበ ደም ካለ ማንም መቅዘፊያ አያነሣም። አንቺን የሌለ ሰው አይቆጠርም ብለው ሃያ ዓመት አለፉሽ። ስምሽ ግድግዳው ላይ ከወጣ ግን አለሽ ማለት ነው፤ ካለሽ ደግሞ የኤሊሴዮ ዓይን ካልታጠበ ታንኳው አይወጣም።

ኤሊሴዮ ፈገግ አለ። «ትምጣና ትጠበኝ። ፈርታ ከቀረች የሥጋ ዘመድ ፈንታዋን ያጥባል፤ ሚስቴ አለችልኝ» አለ። ወንዶቹ ሁሉ ደስ አላቸው። ነገሩ ቤት ውስጥ ያልቃል ብለው ተጨባበጡ፣ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም።

እና ምን ላድርግ? ፈንታሽን እንዳጥብ የፈቀድሽበት ወረቀት ከሌለ አይቀበሉም። ካልታጠበ ስምሽ አይሰቀልም። አውቃለሁ፣ ደምሽ ይፈላል። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሩፊና


ኢሎ፣ ጁን 3 ቀን 1996

ሩፊና፣

ሰላምታ የለኝም።

ቅዳሜ ወደቡ ላይ አንዲት የጨው ዓሣ ነጋዴ አገኘሁ። አነጋገሯ የላ ጋርሳ ነው። ዶሚቲላ ትባላለች፤ እኔ ስሄድ ያልተወለደች ናት፣ ማን መሆኔን አላወቀችም። «ሩፊናን ታውቂያታለሽ?» አልኳት።

«የኤሊሴዮን ሚስት? ማን የማያውቃት! በማርች ወር እጇን በበር ከርችሞ ሦስት ጣቷን ሰበረባት።»

«ለምን?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ጋዜጣ የሚባል ነገር ቤቱ አስገብታ ነው አሉ። ከዚያ በፊት ጥርሶቿን ነበር። ከዚያ በፊት፣ እናቴ እንደምትለው፣ የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ከደረጃ ገፍትሯት ሴት ልጅ ጨንግፋባታለች።»

ይህን ስትነግረኝ ዓሣዋን እየመዘነች ነው። ስለ ዝናብ እንደምታወራ። አላዘነችም፣ አልሳቀችም። ጨው ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። «አመመሽ?» አለችኝ።

ሁሉም ያውቃል። ዓሣ ሻጯም፣ እናቷም፣ አሥራ ዘጠኙም፣ አሥራ ሰባቱም ያውቃሉ። ከእኔ በቀር። እኔ የሞኝ ሞኝ፣ ሃያ ዓመት «ርካሽ ገዛሁ» እያልኩ ዋንጫዬን ስወለውል! ለምን ዋሸሽኝ? አንቺን አግኝቼ በጥፊ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ጽፌ እጄን ነከስኩ፤ ከሱ በምን ተሻልኩ? ይቅር በይኝ። አይ፣ ይቅር አትበይኝ፣ እኔም አላልኩሽም።

ለጁን 27 የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ። ላጥበው አይደለም የምመጣው። ገና አንድ ዓይን ቀርቶለታል።

ኦዲሊያ


ላ ጋርሳ፣ ጁን 11 ቀን 1996

እትዬ፣ አትምጪ።

ይህን ለሾፌር ነው የሰጠሁት፣ ፖስታ ቤቱ እስኪያደርሰው ቲኬትሽ ይቀድመዋል ብዬ ነው። ሳትጨርሺ አትቅደጂው።

ለምን ዋሸሽኝ ላልሽኝ። ከሄድሽ በኋላ የጻፍሽልኝን የመጀመሪያ ደብዳቤ ታስታውሻለሽ? «በከንቱ አልነበረም በይኝ» ይላል። ከዚያ ሌላ ምንም የለውም። ያን ሳነብ ኤሊሴዮ ከሆስፒታል ከወጣ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር፣ በዚያው ቀን ጠዋት መትቶኛል። በቀበቶ ነው የመታኝ፣ «ይህ ለእህትሽ ነው» እያለ። ከዚያ ወዲህ የመታኝ ሁሉ ለእህትሽ ነው፤ የጣቶቼም፣ የልጄም። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ያንቺን ዱላ በኔ ተቀበልኩልሽ ልበልሽ? አልነካኝም ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ፤ ከዚያ ለመድኩት። አንድ ሰው እንኳ እኔ ደህና ነኝ ብሎ እንዲያምን ፈልጌ ይሆናል። ያ ሰው አንቺ ነበርሽ።

አሁን ከመጣሽ ትገድይዋለሽ። አውቅሻለሁ። ሲያስሩሽ «አላልናችሁም?» ይላሉ፤ አሥራ ዘጠኙም ወደ አሥራ ሰባቱ ይዞራሉ። ጋዜጣሽን ወደ መሳቢያው ይመልሱታል። እኔ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ስምሽ እዚያ ግድግዳ ላይ እንዲወጣ፣ እዚህ ሰዉ «ዓይን ያጠፋችው» ሳይሆን «ሻምፒዮኗ» እንዲልሽ። ጣቶቼ የተሰበሩት በዚያ ጋዜጣ ነው፤ አሁን ልተወው?

ፈንታሽን አጥባለሁ። እጥበት ላይ የሚያጥበው ምክንያቱን ይናገራል። እነሱ ምን እንደምናገር የጠየቁኝ የለም፤ ራሳቸው የሚያውቁት መስሏቸዋል። ወረቀቱን ላኪልኝ። ሌላ ምንም አትጻፊበት፣ ስድብም አታስገቢ፣ ዶን አቡንዲዮ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት።

ሩፊና


ኢሎ፣ ጁን 18 ቀን 1996

ሩፊዬ፣

አሥር ጊዜ ጻፍኩ፣ አሥር ጊዜ ቀደድኩ። ቲኬቱን መልሻለሁ። ያቺን ልጅ ስም አውጥተሽላት ነበር ወይ? ከፈለግሽ ብቻ መልሽልኝ።

እዚያ ቆመሽ ስትናገሪ ይመታሻል። ማን ይይዘዋል? አንድም ሰው ይዞት ያውቃል? እዚህ ዐለት ላይ ተቀምጬ ይህን ሳስብ ባሕሩን በድንጋይ እደበድባለሁ፤ ሰዎች አበደች ይላሉ። ፈራሁ። ማዕበል ፈርቼ አላውቅም።

ወረቀቱ ይኸው፦

«እኔ ኦዲሊያ ኡካኛን፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ቀን እህቴ ሩፊና ኡካኛን በእኔ ፈንታ እንድታጥብና በእኔ ፈንታ እንድትናገር ፈቅጃለሁ። የተናገረችው የእኔ ቃል ነው።»


ላ ጋርሳ፣ ጁላይ 5 ቀን 1996

እትዬ፣

«በሕይወት አለሽ?» የሚለው ቴሌግራምሽ ደርሶኛል። አለሁ። ከንፈሬ አምስት ቦታ ተሰፍቷል፣ ሳስነጥስ ጎኔ ይወጋኛል፤ ደህና ነኝ። ይህን ቃል ስጽፍልሽ ሳልዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ከኔሊዳ ቤት ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ቅዱሱ ታንኳው ላይ ቆሟል፣ መንደሩ በሙሉ አሸዋው ላይ ነው። ኤሊሴዮ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። ዶን አቡንዲዮ ወረቀትሽን አነበቡ። እኔ በቅሉ ውሃ ይዤ ፊቱ ቆምኩ። «ለምን አቆሰለችው?» አሉኝ። እንዲህ አልኩ፦ «ኦዲሊያ የዚህን ሰው ዓይን ያጠፋችው፣ በሠርጌ በሃያ ሦስተኛው ቀን ፊቴን አሸዋ ውስጥ ደፍቆ ትንፋሽ ሲያሳጣኝ ስላየች ነው። ባትመታው ኖሮ ሞቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠራውን ጣቶቼን እዩ።» እጄን ከፍ አደረግሁ።

ያልሽው አልቀረም፤ ማንም ሳይይዘው ተነሣ። በቡጢ ሲለኝ ቅሉ አፌ ላይ ተሰበረ። ስወድቅ በእርግጫ ደገመኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ በቅዱሱ ፊት፣ መንደሩ ሁሉ እያየ። ሃያ ዓመት በር ዘግቶ የሠራውን አንድ ቀን በር ሳይዘጋ ሠራው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ወንዶቹ የተቆጡት ለኔ ብለው አይደለም፤ ለታንኳው ብለው ነው። በበዓሉ ጠዋት አዲስ ደም ፈሰሰ፤ ካልታጠበ ቅዱሱ አይወጣም። አራት ሆነው ይዘው እፊቴ አንበረከኩት፣ ሌላ ቅል ሰጡት።

«እጠባት። ለምን መታሃት?» አሉት ዶን አቡንዲዮ።

«ሚስቴ ናት።»

«እሱን እናውቃለን። ለምን መታሃት?»

«ዋሸች!»

«አልዋሸችም!» አለች ታርሲላ። «ሁላችንም ጩኸቷን እየሰማን ነው እራት የበላነው። አቡንዲዮ፣ አንተም በልተሃል!»

ዶን አቡንዲዮ ፊታቸው ቀላ፤ ለሦስተኛ ጊዜ «ለምን?» አሉት። ኤሊሴዮ ቅሉን ባሕር ውስጥ ወርውሮ ተመናጭቆ ሄደ። ወንድሙ ሊከላከልለት መቅዘፊያ አነሣ፤ የታርሲላ ወንድም ክንዱን ሰበረው። ከዚያ የኤሊሴዮን የደንገል ፈረስ በመጥረቢያ ከተፉት። ቅዱሱ እስኪመሽ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ፣ ታንኳውም አልወጣም። በአባቶቻችን ዘመን እንዲህ ሆኖ አያውቅም ይላሉ፤ ጥፋቱን ለኔ የሚሰጡም አሉ።

ውሃው ዓይኑ ላይ አልደረሰም። ስለዚህ ደሙ አሁንም አንቺ ላይ ነው፤ ቅር የሚልሽ አልመሰለኝም።

ስምሽስ? ዶን አቡንዲዮ «ለከርሞ ይቆይ፣ ነገሩ ይብረድ» አሉ። ሰኞ ጠዋት የዳሱ ሴቶች ሥራ ጥለው ማኅበሩ አዳራሽ ገቡ፣ ሴት ተቀምጣበት የማታውቀው ቤት። ሰሌዳውን ታርሲላ በገዛ እጇ ፈልፍላዋለች። ፊደሉ ጠማማ ነው፤ «ሻምፒዮን» የሚለው ቃል ቦታ ስላልበቃው ጫፉ ወደ ታች ታጥፏል። ምስማሩን በግራ እጄ እኔ መታሁት። ሦስት ጊዜ አውራ ጣቴን አገኘሁት፣ ሦስቴም ሳቁብኝ።

ስለ ልጄ ለጠየቅሽኝ፤ ስሟ ኦዲሊያ ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ትናንት ኤሊሴዮ መጣ። ገጀራ ይዟል፣ ጠጥቷል። ሴቶቹ ከእጥበቱ ቀን ወዲህ ዓሣውን እዚሁ የኔሊዳ ግቢ እያመጡ ነው የሚበልቱት፤ ሃያ ስድስት ነን። ማንም አልተነሣም፣ ማንም አልጮኸም፣ ቢላዎቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። በሩ ላይ ቆሞ «ሚስቴን አምጡ» አለ።

ታርሲላ ቀና ሳትል የዓሣውን ሆድ ሰንጥቃ «ሚስት የሚባል እዚህ የለም። ያለነው የኦዲሊያ እህቶች ነን፤ የትኛችንን ትፈልጋለህ?» አለችው።

አንድ በአንድ ተመለከተን። እኔንም አየኝ፤ እኔም ቢላዬን ይዤ አየሁት። ገጀራውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ፣ ከዚያ ሄደ። እኛም የቀረውን ዓሣ በለትን፣ ግቢውን በውሃ አጠብን።

ሩፊና